የፌጦ ምርቃት

«ለሆድ ነው ለቁስል?» አለችኝ፣ ጣሳዋን እንዳንጠለጠለች፤
«ለአይጥ ቁስል» ስላት እጇን አየር ላይ ትታ ዝም አለች፤
ከዚያ ለጎረቤቷ፣ ለበርበሬ ሻጯ፣ በሲዳምኛ ነገረች፤
ሁለቱም ሳቁብኝ።
ቢሆንም፣ ሁለት ጣሳዬን ሰፍራ ከላይ አንድ እፍኝ ጨመረች፤
«ይሄ ምርቃት ነው» አለች።

ምርቃት! እኔስ ለእሱ አይደል የምሮጠው፣
እናቴ ከዲላ ደውላ «ቀኑ መቼ ነው?» ባለች ቁጥር የምደነግጠው።
ቀኑ ያለው አሥራ ስምንት አይጦች ጀርባ ላይ ነው፣ እኔ ጋ አይደለም፤
የተላጨ ቆዳ፣ በመቀስ የተከፈተ ክብ፣ የጥሬ ሥጋ ቀለም፤
ዳሩ እየተሳበ፣ እንደ ከረጢት አፍ እየጠበበ፣
እስኪገጥም ድረስ ስሜ ከመድረክ አልተነበበ።

ፌጦ ውሃ ሲነካው ይዝለገለጋል፤ ስለዚህ በአልኮል ዘፈዘፍኩት፤
ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፤ አጠለልኩት፣ አተነንኩት፤
የቀረውን ቡናማ ዝቃጭ በቫዝሊን ለወስኩት።
አንዱ ብልቃጥ አምስት በመቶ፣ አንዱ አሥር፤
ሦስተኛው ባዶ ቅባት፣ ምንም የሌለበት፣ ለማነጻጸር።

የዶርም ልጆች አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ሰናፍጭ ሰናፍጭ እሸታለሁ፤
ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ ዞር ብሎ «ሆድሽን ነው?» ይላል፤ ዝም እላለሁ።
በየሁለት ቀኑ ስስ ላስቲክ ቁስሉ ላይ አነጥፋለሁ፤
በቀይ እስክሪብቶ ዳር ዳሩን ተከትዬ ካርታ እሥላለሁ።
ሐይቅ ይመስላል፤ ጥጋጥግ አለው፣ ሰርጥ አለው፤
የከተማችን ሐይቅ ክረምት ሲበረታ ይሰፋል፣
እኔ ግን ይሄኛውን ጥበብ፣ ጥበብ እያልኩ የምለምነው።

አሥራ አራት ቁጥር ከባዶው ቅባት ምድብ ናት።
ጓንቴን ታሸታለች፤ ቁስሏ ሰፊ ነው፤ ስትዞር ያማት ይሆን፣ አላውቅላት።
አንድ ማታ፣ ዘበኛው ሹኬ በሬዲዮው ኳስ ሲያዳምጥ፣
የአሥር በመቶውን ክዳን ከፈትኩ፤
ማን ያያል፣ በአንድ ጣት ቅባት ብትድን ይህች አይጥ?
ጣቴን ሰደድኩ።
መልሼ ገጠምኩት።
እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ምንም ያልነካውን።

አሞራ ገደል፣ ዳንጊሶ ቆሮሶ ሲገፍፍ ቢላው መዳፉን ሰነጠቀው፤
«ያንቺን ቅባት አምጪ» አለኝ፣ አባ ኮዳው ከጎኑ ቆሞ የዓሣ አንጀት እየጠበቀው።
«ገና ነው» አልኩ፤ «ማኅተሙ ለአይጥ እንጂ ለሰው አልተፈቀደም።»
«እና» አለ፣ ጨርቁን በጥርሱ እያጠበቀ፣ «አይጥ ከኔ ትቀድም?»
ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ አጥበው ጠቀለሉለት።
ግን ልማድ ሆኖብኝ፣ በየሁለት ቀኑ ላስቲኬን መዳፉ ላይ አነጠፍኩለት፤
በዓሣ ቅርፊት መሀል ቁጥር የሌለው ሐይቅ ሳልኩለት።

በአሥራ አራተኛው ቀን የሁሉም ገጠመ፤
አሥር በመቶው ትንሽ ቀደመ፤
አሥራ አራት ቁጥርም በባዶ ቅባት፣ ቀስ ብላ፣ ደረሰች።
በማግስቱ ለቆዳዋ ናሙና አስተኛናት፤ አልነቃችም።
እስከ መጨረሻው ጓንቴን እያሸተተች።

አማካሪዬ ቁጥሮቹን ቁልቁል አነበቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤
«ልዩነት አለ» አሉ፤ «ግን ጉልህ አይደለም።
በሠላሳ አይጥ ድገሚው፤ ያለዚያ ማንም አያምንም።»

ዳንጊሶም ድኗል። መዳፉን ዘርግቶ፣ ነጭ መስመሩን እያሳየ፣
«ያላንቺም ሆነ» አለኝ፤ ከወደ ሐይቁ ጀልባ ጠራው፤ ተለየ።

ገበያ ተመለስኩ። «አይጦችሽ ዳኑ?» አለች።
«ዳኑ፤ ያልተቀባችውም ዳነች።»
ይህን ጊዜ አልሳቀችም። ጣሳዋን ሞላች፣
አፉን በመዳፏ አስተካከለች፤
ፌስታሌን ዘርግቼ ትንሽ ጠበቅኩ፤
እጇ ወደ ክምሩ አልተመለሰም።
«ዘንድሮ ምርቃት የለም፣ ልጄ» አለች፤ «ፌጦ ተወዷል።»