ቃል አቀባይ

ቃል አቀባይ ነኝ እኔ፤ የመንግሥት አይደለም፣
በስሜ የሚወጣ አንድ መግለጫ የለም።
ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአዳራሹ ኋላ፣
ከመጋረጃው ሥር፣ ከምሰሶው ጥላ፣
በእጅ ባትሪ ብርሃን ስቴንስል አነባለሁ፣
ለረሳ ተዋናይ ቃሉን አቀብላለሁ።

ንጉሣችን ወንድይፍራው፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ
የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ግን ዘውዱን ሲለካ፣
ካፖርቱን ሰቅሎ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ
(ጠርዙ የተበላሸ፣ ገበያ የማይደርስ)
ትከሻው ላይ ጥሎ አንድ እርምጃ ሲሄድ፣
ቀበሌው ቤተ መንግሥት ይሆናል በግድ።
ከሃዲው መስፍን ጌጤነህ፣ ባለ ወፍጮ ቤቱ፣
ሜካፕ አያሻውም፣ ዱቄት ነው ሽበቱ፤
ደሙ ቀይ ሥር ነው፣ ጩቤው ቆርቆሮ፣
ይገድላል ሐሙስ ሐሙስ፣ አክብሮ ቀጠሮ።

ጽሕፈት ቤቱ ጠርቶ «ስለ ግብር ሥሩ፣
የደረሰኝን ጥቅም ሕዝቡን አስተምሩ»
ሲለን፣ እንሠራለን፤ አበል እንፈርማለን፤
ሕዝቡ ስቆ ሲሄድ በሩን እንዘጋለን።
ያኔ ነው ከሣጥን የሚነቁት እነሱ፣
ከኤልሳቤጥ ዘመን ወጥተው ሲገሰግሱ
አራት መቶ ዓመት፣ ጣርማ በር የደረሱ፤
ሙት የሚያማክሩ፣ ጥላ የሚያናግሩ፣
ጩቤ ልባቸው ገብቶ ገና የሚናገሩ።

«የኛ ጉድ ሞልቶ ሳለ?» ይላል ሰው፣ እውነት አለው።
እኔ መልስ የለኝም። ጌጤነህ ግን አለው፦
«ሰምተሃል? ወፍጮ ቤት ዕድሜውን የዋለ
በጩኸት ነው ኑሮው፤ ሰላም ሲል ጮሆ አለ።
እዚህ ግን ጣውላው ላይ ለብቻዬ ቆሜ
ገጽ ሙሉ ይሰማኛል ሰዉ እስከ ፍጻሜ።»

ንግሥታችን አስካለ፣ መሐል ሜዳ ተድራ
ሄደች በጥር ወር። ስንተክዝ በተራ፣
«በዚያ ዘመን» አልኩኝ፣ «በእንግሊዝ መድረክ
ሴት አትወጣም ነበር፤ ንግሥት ሆኖ የሚንበረከክ
ጢም ያላወጣ ልጅ ነው።» ዝም ተባባልን።
ከዚያም ልሳነወርቅን ዞረን አየን፤
የሚኒባስ ረዳት፣ «ሸዋ ሮቢት!» ሲል የዋለ፣
«ሴትማ አልሆንም!» ብሎ በሚካኤል የማለ።
የእህቱን ነጠላ ለብሶ፣ በሦስተኛው ሳምንት
ሲቆም፣ ሳቅን፤ ሳቅን፤ ከዚያ፣ የልጇን ሞት የሰማች እናት
ሆኖ ጣውላውን ሲዳብስ፣ ቁልፍ እንደ ጠፋው ሰው፣
ማን ነበር ደፍሮ ቀድሞ የተነፈሰው?

ሐምሌ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
ዐሥራ አንድ ሰው ነበር ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣
ሁለቱ ተጠልለው።
ንጉሡ ሊሞት ነው፤ ገጽ ዘጠና አራት፣
ወንድሙን ከሬሳ መሐል የሚያገኝበት።
«ወንድሜ...» አለ፣ ቆመ። የሚቀጥለው ጠፋው።
ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ቃሉ እጄ ላይ ነው።
አራት መስመር ብቻ። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት።
ባትሪዬን አጠፋሁት።

«ወንድሜ... ካፖርትህ ትከሻው ሰፋብኝ፤
አራት ክረምት ለበስኩት፣ እጅጌው ረዘመብኝ።
እናታችን ኮቴዬን ስትሰማ ማታ ማታ
ስምህን ትጠራለች፤ አቤት እላለሁ ባንተ ፈንታ።»

በመንዝ አነጋገር ነው፣ የንጉሥ አይደለም፤
ከስቴንስሉ ላይ ይኼ አንዱም የለም።
ልሳነወርቅ፣ ንግሥቲቱ፣ ቦታውን ትቶ መጣ፣
ብርድ ልብሱን አነሣለት፣ ከትከሻው እንዳይወጣ።
ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሁለቱ ግን አልሄዱም።

ኋላ፣ የቀይ ሥሩን ደም ሲያብስ፣ «ምነው፣ ዝም አልከኝ?»
«ዝናቡ ነው» አልኩት። ገጹን ተቀበለኝ።
አራቱን መስመር አነበበ፣ በጣቱ እየመራ፣
እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ድምፁ ሳይሰማ፣ በተራ።
«ይኸኛው ይሻላል» አለኝ፣ «ያ ሰውዬ
ወንድም ሞቶበታል። ይህ ዝም ብሎ አይጻፍም፣ ጌታዬ።»

ካፖርቱን ለብሶ ወጣ፤ ሌሊቱ የእርሱ ተራ።
ባትሪዬን አበራሁ። ከገጹ ጠርዝ፣ በግራ፣
በእርሳስ አንድ ቃል ጻፍኩ፤
«ዝናብ»።