ኅዳግ

ደብዳቤው ከዋሽንግተን መጣ፣ ወፍራም፣ ባለ ማኅተም፤
ዶክተር ስቴንስሩድ ሁለቴ አነበበው፤ ቃል አልወጣውም።
የበሽተኛን ካርድ ከወረቀት አውጥቶ
በኮምፒውተር ለሚይዝ፣ ሳይዘገይ፣ ተግቶ፣
አርባ አራት ሺህ ዶላር፣ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ፤
ለዘገየ ግን ቅጣት፣ ከሂሳቡ ላይ ጎድሎ።
መንግሥት እንዲህ ነው ወጉ፣ ሲያባብልም ሲቆጣ፣
በግራ እጁ ጉርሻ፣ በቀኙ አለንጋ ይዞ መጣ።

ከታች አንድ ሐረግ አለ፣ የክፍያው መለኪያ፦
«ትርጉም ያለው አጠቃቀም»፤ የገንዘቡ መክፈቻ፣ መዝጊያ።
መነጽሩን አውልቆ በረዶውን ሲያይ አየሁ፤
«ሠላሳ ስድስት ዓመት» አለኝ፣ «ያለ ትርጉም ቆየሁ?»

ወርዚንግተን፣ ሚኒሶታ፤ ሐይቅ ያላት፣ የአሳማ ቄራ ያላት፣
ጥር ሲገባ ነፋሷ ምላጭ የሚሆንባት።
ክሊኒኩ የጡብ ቤት ነው፣ ከጎሚስታው ጎን፤
ተቀጠርኩ፣ በሰዓት አሥራ አንድ ዶላር፣ ካርድ ገልባጭ ልሆን።
ስድስት ሺህ ካርድ። የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው መሬት፣
ሳንባ ይሁን ጉበት የማይለይበት።
ትሬቨር የሚባል ልጅ፣ ከሻጩ ኩባንያ፣ ሳጥኖቹን አሳየኝ፦
ቁመት፣ ክብደት፣ ደም ግፊት፤ ያጨሳል? አያጨስም? ትቷል? አንዱን ምረጪ አለኝ።

ግን ኅዳጉ! በኅዳጉ፣ በሰማያዊ እስክርብቶ፣
ሐኪሙ ሌላ ነገር ጽፏል፣ ካርዱን አዙሮ፣ ጠርዙን ሞልቶ፦
«ኢንጋ ቶርሰን። ባሏ የሞተው በገና ዋዜማ ነው። በታኅሣሥ ደውልላት።»
«ገርሃርድ። ላሞቹን ሸጧል። ግፊቱን ከመለካትህ በፊት ዝም ብለህ ቆይለት።»
«ቡንሚ። ሌሊት ቄራ ትሠራለች። አስተርጓሚዋ ወንድ ልጇ ነው፤
የማሕፀኗን ነገር በሱ ፊት አትጠይቃት፤ ነውር ነው።»

«ይሄስ የት ይግባ?» ብለው አንገቱን አከክ አከክ፤
«ለነጻ ጽሑፍ ቦታ አለ፤ ግን አይቆጠርም፣ ለመንግሥት ቢላክ።»
የማይቆጠር ነገር፣ ገባኝ፣ ትርጉም የለውም ማለት ነው።

ዶክተሩ በሁለት ጣት ይጽፋል፣ እህል እንደሚለቅም ወፍ፤
በሽተኛው ጀርባውን እያየ ይጠብቃል፣ ፊደሉ እስኪጻፍ።
ገርሃርድ አንድ ቀን፦ «ዶክተር፣ ያ ሳጥን ታሟል እንዴ?» አለ፤
ሳቅን። ስቴንስሩድ ግን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ልዋሽ ግን አልችልም።
የካቲት ላይ አንዲት ሕፃን መጣች፣ ትኩሳት ያነደዳት፤
ሱልፋ ሊያዝላት ስሙን ጀምሮ ሳይጨርስ ስክሪኑ ቀላ፤ ጮኸበት።
በአሮጌው ካርድ ሁለት ገጽ በሽሮፕ ተጣብቆ ኖሯል፤
«ሱልፋ ያሳብጣታል» የሚለው ቃል በመሃል ታፍኗል።
በእንፋሎት ያላቀቅኩት፣ በዚያው ሰሞን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።
ዶክተሩ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ፤
ለስክሪኑ፣ ለዕቃው፣ «አመሰግናለሁ» ሲል ሰማሁት።

ቼኩ መጣ፤ የአንደኛው ዓመት፣ አሥራ ስምንት ሺህ ዶላር፤
ኩባንያው አሥራ ሰባቱን ወሰደ፣ በ«ጥገና»ና በ«ፈቃድ» በር።
በተረፈው ዶክተሩ ወንበር ገዛ፣ ባለ አምስት ጎማ፣
ከስክሪኑ ወደ ሰው እንዲንሸራተት፣ አንድ ቃል ሲሰማ።

እኔም የራሴን ወንጀል ሠራሁ። አንድ ሳጥን አለ፣ ቀይ፣
ካርዱ በተከፈተ ቁጥር ብልጭ የሚል፣ ሐኪም ቢወድም ባይወድም እንዲያይ፤
«የማይስማማው ነገር» ይላል። ፔኒሲሊን፣ ኦቾሎኒ፣ የንብ መርዝ ይጻፍበታል።
ኅዳጉን ሁሉ ማታ ማታ እዚያ አስገባሁት። ኦዲተር ቢመጣ፣ ያኔ ይታሰባል።

ስቴንስሩድ ጡረታ ወጣ። ዶክተር ኪንታና ተተካች።
ታኅሣሥ መሃል፣ ኢንጋ ቶርሰን ጉልበቷን አሟት መጣች።
በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስክሪኑ ቀላ፤ ዶክተሯ ጠጋ ብላ አነበበች፦
«አይስማማትም፦ ፔኒሲሊን። የገና ዋዜማ ብቻዋን መሆን።»

ማሽኑ ይጠብቃል፤ ለመዝጋት ምክንያት ምረጪ ይላል።
ምንም አልመረጠችም።
ወንበሩ ሲንሸራተት ሰማሁ፣
አምስቱም ጎማ።