የሚያዝያ ትራፊ

ሚያዝያ አሥራ ሰባት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሰማይ ከረጢቱን ቀደደው ከእንጦጦ አናት።
እሪ በከንቱ ላይ ቆርቆሮው ሲያጓራ
ማን ማንን ይሰማል፣ ማን ማንን ይጠራ?
ሰፈሩ ስሙን ሆነ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል
አፍ ብቻ ይከፈታል፣ ጆሮ በረዶ ይሞላል።

ሲያባራ ወጣን፤ ግቢው የሽምብራ አውድማ፣
ልጆች ይዘግናሉ፣ በኮፍያ፣ በነጠላ ጫማ።
በማግሥቱ ፀሐይ ልሳ ልሳ ጨረሰች፤
አንዲት ጥግ ብቻ ቀረች፦

በአናጢው በቢረሳው ቤትና በሽንት ቤቱ መሃል፣
ሁለት ጣራ በአንድ አሸንዳ ያፈሰሱበት፣
እንኳን ፀሐይ፣ ድመትም በጎን የምታልፍበት፣
የጉልበት ቁመት ክምር፣ ሰጋቱራ ለብሶ፣
ከሩቅ ላየው የተኛ በግ፣ ውስጡ ብርድ ጸንሶ።

መጀመሪያ ያዩት ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው።
ሠላሳ አንድ ዓመት የሜትሮሎጂ ሰው፣
ዝናብ በሚሊ ሜትር፣ ንፋስ በኖት ሲመዘግቡ የኖሩ።
እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ እጃቸው አልወጣም።
ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዙ፣
በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
በካፖርት ላይ ነጠላ ደርበው፣
ሽቦ ይሰካሉ፣ መሬት እስኪነካ፤
«ሦስት ስንዝር ከጋት» ብለው ይጽፋሉ።
ማታም እንዲሁ።

አራተኛው ቀን ስንዝር ተኩል።
«ሰጋቱራው ነው የያዘው፣ ልጨምርበት?» አለ ቢረሳው።
«እንዳትነካው!
የምለካው መቆየቱን ነው፣
ማቆየታችንን አይደለም።»

ወጣት ሳሉ፣ ስሜን ጣቢያ ሊተክሉ ወጥተው፣
በቧሂት ጥላ ሥር አንድ ነጭ ቁራጭ አይተው፣
መንገድ መሪው «ይሄ ያምና ነው» ቢላቸው፣
እውነት ይሁን ቀልድ ሳያጣሩ ወረዱ።
«ያምና!» ይላሉ፣ ቃሏን እንደ ከረሜላ እያላመጡ፣
ይኸው አርባ ዓመታቸው ሳይውጡ።

ከላይ ከአፋፉ ፒያሳ በየምሽቱ ይቀልጣል፤
ሙዚቃው ይቀልጣል፣ ደመወዝም ይቀልጣል፤
ከሥር፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣
በረዶ አልቀልጥም ብሏል።

በሰባተኛው ቀን ባለ ቀለሞቹ መጡ።
ቀይ በጣሳ፣ ብሩሽ፣ ለየበሩ ቁጥር አወጡ፤
የእኛ አርባ ሦስት፣ የቢረሳው አርባ አራት፣
ሽንት ቤቱ ቁጥር የለውም፣ ምልክት ብቻ።
«ስንት ጊዜ አለን?» አለች ሽታዬ።
ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ።
ጋሽ ወንድይፍራው ምንም አላሉም፤
ማታ ግን ለኩ። አንድ ጋት።

በዘጠነኛው ቀን የሽታዬ ልጅ ሶልያና
ከደረጃ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ዱባ አከለ።
መብራት የለም፤ የሱቁ ፍሪጅ
ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቁም ሳጥን ሆኗል።
ሽታዬ ሳህን ይዛ መጣች። አልተናገረችም።
ሰውዬው ሳህኑን አዩ፣ ሽቦዋን አዩ፣
ብዙም አልቆዩ፣
ተንበርክከው ሰጋቱራውን በጣታቸው ገለጡ።
የወጣው ነጭ አልነበረም፤
ግራጫ፣ እንደ ጥርስ እርስ በርሱ የተናከሰ፣
ቡጢ የሚያክል።
በመሐረባቸው ጠቅልለው ሰጡ።

«ያቃጥላል!» ብላ ጮኸች ልጅቱ፣
ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ማታ ደብተሩን አሳዩኝ።
በዘጠነኛው ረድፍ ፊት «ዜሮ» ጽፈው ሰርዘዋል፤
ከሥሩ፣ በደቃቅ የመሥሪያ ቤት ጽሕፈት፦
«አልቀለጠም። ተወሰደ።»

ሽቦዋን ግን አልነቀሏትም።
እርጥቡ ሰጋቱራ ውስጥ ቆማለች፤
ቢረሳው እየዞራት ይጠርጋል።