ቆጣሪው የማያውቀው መንገድ

ሐሙስ ነው፤ ሂርማታ ገበያው ደርቷል፣
ቆጪ ላይ ግን ዝናብ መንገዱን ዘግቷል።
ተማም ከፊት አለ፣ ክሪክና መፍቻ በኬሻ ይዞ፣
ከኋላው እኔ ነኝ፣ ልቤ ከኪሴ ቀድሞ፣ ሳያያት ፈዞ።
«እንዳትስቅ» አለኝ፣ «እንዳታደንቅ፤
የገዢ ጥርስ ከታየ ዋጋ መች ይወድቅ።
ጎማዋን ርገጥ፣ ከንፈርህን ምጠጥ፣
ልሂድ ልሂድ እንዳለ ሰው ተነቃነቅ።»

ከጓሮ፣ ከአቮካዶው ሥር፣ ከቆርቆሮ ጥላ፣
ፔጆ አራት መቶ አራት፣ በአራት ድንጋይ ላይ ተሰቅላ።
(ጎማ የላት። ምን ልርገጥ?)
ቀለሟ ወተት ነበር፤ አርጅቶ አይብ መሰለ፣
በኋላ ወንበሯ የዶሮ ጎጆ አለ።
«ከፋ» ይላል ታርጋዋ፣ በደበዘዘ ቀለም፤
የድሮ ክፍለ ሀገር ነው፣ እሮሮ አይደለም።

ተማም ኮፈን ከፈተ፤ ጀመረ ለቅሶውን፦
«ራዲያተሩ በስብሷል፣ አይጥ በልቶታል ሽቦውን፣
ላሜራው ወንፊት ነው፣ ስኮርቱ ስቱኮ፣
ሞላው ተኝቷል፤ ይቺማ የቁራሌው ናት እኮ!»
አዴ ሸምሲያ ዝም አሉ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣
የጎመን ዘር ይለቅማሉ፣ ለቅሶውን ታግሠው።

ተማም ገባ ከውስጥ። ቆጣሪውን አየ።
ሠላሳ አንድ ሺህ። ወደ እግሩ ጎንበስ አለ። ቆየ።
የፍሪሲዮኑ ላስቲክ ተልጦ ብረቱ አብርቷል፣
መሀሉ እንደ ማንኪያ ወደ ውስጥ ገብቷል።
መሪውም በሁለት ቦታ፣ እጅ በሚያርፍበት፣
ጥቁሩ ተፍቆ አልቆ ነጭ አጥንት ወጥቶበት።
«አዴ» አለ በድል፣ «ቆጣሪው ተነክቷል!
ይሄ ፔዳል ብቻ ሦስት መቶ ሺህ ነድቷል።
ማነው ወደ ኋላ ቁጥሩን ያዞረው?
ዋጋው ይውረድ እንጂ፣ ይሄማ ነውር ነው።»

«ማን ነክቶት» አሉና ሳቁ። «ረሻድ ነው የነዳው።
ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው፣ ሐኪም መንዳት ሲከለክለው፣
እዚህ አመጣና በድንጋይ አስቀመጣት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሶላት መልስ ነዳት።
እኔ ከጎኑ ሆኜ መንገዱን እነግረዋለሁ፤
‹ሰርቦ ደረስን› እላለሁ፣ ‹ከብት አለ፣ ቀስ› እላለሁ።
ማርሽ ይቀይራል፣ አሰንዳቦን ያልፋል፣
ግቤ ድልድይ ሲደርስ መስኮት አውርዶ ወንዙን ያዳምጣል።
አንድ ቀን ዘንግቼ፣ ድልድዩን ሳልነግረው፣
‹ውሃ ውስጥ ከተትሽኝ› ብሎ ሁለት ቀን ነው ያኮረፈው።
እንግዲህ ሒሳብ ካወቅህ፣ ንገረኝ ልኩን፣
ከየቱ ነው የምትቀንሰው? ከሄደው ወይስ ከቆመው ዘመን?»

ተማም መፍቻውን ጠረገ፣ ያልቆሸሸ መፍቻ።
እኔ ይዤው የመጣሁት ቁጥር፣ ሰማንያ ሺህ ብቻ፣
ከጉሮሮዬ ቀረ።
መቶ ሃያ አልኩኝ።
«መቶ ሠላሳ አንድ» አሉ።
«ሠላሳ አንዱ የቆጣሪው። መቶው የኔ መንገድ።»
ተማም ሊናገር ነበር፤ እግሩን ረገጥኩት።
ይኸው፣ ጎማ ባይኖርም የረገጥኩት አልጠፋም።

ሊብሬው ከሳጥን ወጣ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ፣
የረሻድ ፎቶ ላዩ ላይ፣ ገና ዓይናማ፣ ወጣት፣ ኮሌታውን ከፍ አድርጎ።

ሰኞ ጠዋት፣ ከአጋሮ በተዋስነው ጎማ፣
አይሱዙ በገመድ ሊጎትታት ሲሰናዳ፣
ዶሮዋን አወረዱና እሳቸው ገቡ ከጎኔ፤
«እስከ በሩ» ብለው።
አራቱ ድንጋዮች ቀሩ፤ ፀሐይ ያላየ ሣር መሀላቸው።
መሪውን ያዝኩት። እጆቼ ሳላስባቸው
እነዚያ ነጫጭ ቦታዎች ላይ አረፉ።
ገመዱ ተወጠረ። እኔ ገመዱን አያለሁ፣
አዴ ሸምሲያ መንገዱን።
«ቀስ በል» አሉኝ፣
«በሩ ጋ ድንጋይ አለ።»

ነበረ።