ስመ ክርስትና

ሬናቶ ሲሞት ጋራዡ ተዘጋ፣
መፍቻው ተጋድሞ ቀረ ከሞተሩ ጋ።
ኮምቦልቻ ወጣች፣ በነጠላ፣ በሽርጥ፤
«ጥልያኑ» ይለው የነበረ ሁሉ «ወንድሜን!» ሲል፣ ሲቀልጥ።

ቄሱ ስመ ክርስትናውን ጠየቋቸው፤
ልጆቹ ተያዩ። ድልድይ ሠርቶ የሄደ ጥልያን አያታቸው
ያወጣው ስም ብቻ ነበር ያላቸው።
አንገቱ ላይ ማተብ፣ ኪሱ ውስጥ የአባቱ መቁጠሪያ፣
አንዱም አይናገር።

ያኔ ከሴቶቹ መሀል እቴ ዘሃራ፣
የእናቱ ታናሽ፣ ሙስበሃዋን ጨብጣ፣ ድምጿ እየጠራ፦
«ወልደ ሚካኤል ነው። በአርባ ቀኑ፣ እህቴ ታማ፣
እኔ ነኝ ያዘልኩት በዝናብ እስከ ደጀ ሰላሙ፤
ከውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት፣ ሲጠራ ስሙ።»

በፍትሐቱ መሀል ስሙ ተነገረ፤
ከብዙ «አሜን» ኋላ
አንድ «አሚን» አየሩ ላይ ቀረ።