አጀንዳ ሰባት

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣ በከተማው ምክር ቤት፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከተሰበረች መስኮት ሥር፣
"ተነሣ፣ ተወሰነ፣ ጸደቀ" እያልኩ የምጽፍበት።
መዝገቡ በኦሮምኛ ነው፣ ተፈርሞ ተዘግቷል፤
ይኼኛው በአማርኛ ነው፣ ማኅተም ምን ይሠራለታል።

ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከጅሬን ተንደርድሮ
ጣራውን ሲደበድበው፣ የሰው ቃል ተቀብሮ፣
ግማሹ አባል አንቀላፍቶ፣ ግማሹ ስልኩን በስርቆት ሲጎረጉር፣
ሊቀ መንበሩ "ሰባት" አሉ፣ "የሂርማታው መታጠቢያ ቤት ጉዳይ፤ እንነጋገር።"

ታውቁታላችሁ። ጭስ ማውጫው ዘሞ
እንደ ሰካራም ዘበኛ ግንብ ተደግፎ ቆሞ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ባሕር ዛፍ የበላ፣
ሁለት የጋሪ ጭነት በቀን ሆዱን የማይሞላ።
መንገደኛው፣ ወዛደሩ፣ ቤቱ ውኃ ያጣ
ሳሙናውን በፌስታል ቋጥሮ የሚመጣ።
ከምድጃው ፊት ታጁ አባ ጨብሳ፣
ወላፈን የላሰው ቅንድቡ ዳግም ያልተነሣ፣
የውኃውን ግለት በመዳፉ የሚለካ፣
ቴርሞሜትሩን "ውሸታም" ብሎ በጨርቅ የጠቀለለው፣ ማንም እንዳይነካ።

ጠይባ ተነሣች፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ፣
ቦቲ ጫማዋ ጭቃ፣ ወረቀቷ እርጥብ፣ ድምጿ የማይለሰልስ፦
"የሙቀት ፓምፕ ይባላል፤ አይነድም፣ አይጨስም፣
ከአየሩ ሙቀት ለቅሞ ለውኃው ይሰጣል፣ ጎረቤት አያስነጥስም።
ፍሪጅ አይታችኋል? ጀርባው ሲሞቅ፣ ሆዱ ሲበርድ፣
እሱን ገልብጡት፤ የሚሄደው በዚያው መንገድ።"

ሐጂ ሙዘይን ሣቁ፣ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየነካኩ፦
"ልጄ፣ ሐምሌ ነው እኮ፤ ያለችኝን ሙቀት በሁለት ካፖርት ቋጠርኩ፣
አየሩ ካለው፣ ለእኔ ምነው ነፈገኝ?"
አዳራሹ ተናጋ። "ሣቅ" ብዬ በቅንፍ ጻፍኩት፣ የራሴው ሣቅ እያፈነኝ።
እሷ አልሣቀችም። "ብርድ ማለት ሙቀት አነሰ እንጂ አለቀ ማለት አይደለም፤
ድሃ ቤትም እኮ እንግዳ ጦሙን አያድርም።"

እጅ ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ደገፉ፣ አራት ተቃወሙ፣ አንዱ መስኮት እያየ ነበር።
ታጁን ጠየቁት፣ ከመጨረሻው ወንበር፦
"አስተያየት ካለህ፣ አባ ጨብሳ?" ባርኔጣውን አገላበጠ፤
"እሳት አመድ ወለደ ይባላል። ይኼስ ምን ይወልዳል?" ብሎ ተቀመጠ።
መልስ የሰጠው የለም። እንጨቱ መንደዱን ሲተው
ማን ሊነድ እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ቃለ ጉባኤ ምን አገባው።

በጥቅምት መጣ፤ ግራጫ ሣጥን፣ ከግንቡ ጀርባ ተተከለ፣
እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ፣ እምም... እያለ።
ጭስ ማውጫውን ሲጥሉት ታጁ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤
ጥላሸቱ ግን አወቀው፤ መጥቶ ትከሻውን ተሳለመ።

በሦስተኛው ማታ መብራት ጠፋ።
ሳሙና ዓይኑ የገባ ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱን እየረገመ ራቁቱን ተጋፋ።
ታጁ በጨለማው ገብቶ፣ በለመደ መዳፉ
የታንከሩን ሆድ ዳሰሰ። ሁሉም ዝም አሉ፣ ቃል እስኪወጣ ከአፉ፦
"ትኩስ ነው። እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ታጠቡ።"
ታጠቡ።

መሐንዲሷ ያልነገረችን ግን፣ ያ ሣጥን ሙቀቱን ሲለቅም ውሎ
በጀርባው ብርድ ይተነፍሳል፣ እፍፍ ብሎ።
እንጨት ሻጯ አስካለች፣ በእጅ ማውጣት ደንበኛ ያጣች፣
ሁለት ሳምንት አኩርፋ በሦስተኛው ቅቤ ይዛ መጣች።
በኮባ ጠቅልላ ከሣጥኑ ጀርባ ደረደረች፤
ፀሐይ የሌላውን ሲያቀልጥ የእሷ ቅቤ እንደ ሙሽራ ኮራች።

ትናንት በዚያ ሳልፍ ታጁን አገኘሁት፤
የአሁን ሥራው ቁጥር ማየት ነው፣ ቁልፍም ሰጥተውታል፣ እሱም አንገቱ ላይ አለበት።
በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ከአስካለች ቅቤ አጠገብ፣
መዳፎቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ እንደ ወፍ ሰብሰብ።
"በረደኝ" አለኝ፣ እንደ ሕፃን፣ እየተገረመ፤
"ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ካፖርት ገዝቼ አላውቅም።"

ይህን በየትኛው አጀንዳ ሥር ልመዝግበው?
"ልዩ ልዩ" አልኩና ብዕሬን አነሣሁ፤ አስቀመጥኩት መልሼው።
ሐጂ ሙዘይን ሁለት አላቸው።