የመሸበት

ጽፋት፣ ከሠዓሊዎች ሰፈር፣ ደረጃው ሲታጠፍ፣
እንጨት ስቆርጥ፣ መስታወት ስጠርግ፣ ለሰው ሥዕል ጠርዝ ስለጥፍ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።
የሰው ተራራ ሁሉ በክንዴ ሥር አልፏል፤
አንዳንዱ ጠማማ መጥቶ፣ በኔ ክፈፍ ቀንቷል።

ማክሰኞ ለት ብሩርያ ሸራ ይዛ መጣች።
"በደንብ አልደረቀም፣ እንዳትነኪው፤
ሜሮን ተራራ ነው" አለች።

ሜሮንን አውቀዋለሁ፤ ከበሬ ፊት ለፊት ነው፣
በጋ አመድ ይመስላል፣ ክረምት ጉም ነው ልብሱ።
ይኼኛው ዛፍ የለው፣ መንገድ የለው፣
አናቱ ላይ የተተከለው የጦሩ ነጭ ኳስ እንኳ የለም በራሱ።
በመቀስ እንደተቆረጠ ወረቀት
ሸንተረር በሸንተረር ላይ፤
ስድስት ሸንተረር፣ ስድስት ቀለም፣
አንዱም በእግዜር ተራራ ላይ የለም።

"ጠርዙን በስሜቱ ምረጪ" አለችኝ።
ምን ልበላት? ጥቁሩ ሁለት መቶ ሼቅል ነው፣
ወርቅማው ሦስት መቶ።

ያን ጊዜ አያ ጎሹ ገባ፣ የእህቱን ፎቶ ሊወስድ፣
ፌስታል በብብቱ ሸጉጦ።
ሸራውን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ።
ከብት እንደሚቆጥር ሰው ጣቱን ዘረጋ፦
"የፊተኛው ዳማ፣
ከጎኑ የቆመው ዳለቻ፤
ያችኛዋ ቡሬ፣ ሆዷ ነጣ ያለ፤
ያ ደግሞ ጉራቻ፣
የፈረስ መልክ ነው እንጂ የበሬ አይደል ብቻ።
የላይኛው ገብስማ...
ዶሮን ከከብት ማን ቀላቀላት?" ብሎ ለራሱ ሳቀ።

"ምን አለ?" አለች ብሩርያ።
አፌን ከፈትኩ። በዕብራይስጥ ያለኝ
"አፎር" ነው፤ ግራጫ።
ቀጥሎስ? እሱም ግራጫ።
ከዚያስ?
ያ ሁሉ መንጋ በአንዲት ቃሌ በረት ገብቶ ቀረ።

ከሸራው ግርጌ አንድ ቀርቶ ነበር፣
ወይን ጠጅ እንዳይሉት ሰማያዊ ነገር።
እዚያ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።
ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን ወለወለ።
"ይኼስ?" አልኩት።
"ይኼማ ቀለም አይደል። የመሸበት ነው።"
የመሸበት ምን፣ ሰው ይሁን፣ ከብት፣
አልነገረኝም።
ፎቶውን ይዞ ወጣ፤ አርባ ሼቅል ጎደለው፣ ነገ አለኝ።

ይህን ለብሩርያ አልተረጎምኩም።
"ጠርዝ አታድርጊበት" አልኳት፣ "ያልገባ አለ።"
ቅር ብሏት፣ ሸራውን ትታልኝ ሄደች።

ማታ ሱቁን ስዘጋ ሜሮን ፊት ለፊቴ ነበረ።
ጉራቻው ገባ።
ዳማው ገባ።
ቡሬዋም ዘግየት ብላ፣ ሆዷ ትንሽ በርቶ፣ ገባች።
አንድ ጎደለኝ።
ቁልፉን በእጄ ይዤ፣
ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።